አፈሩን ራቁቱን አትተዉት፦ ጉዝጓዝ ለግቢያችን የሚያደርገው

ህዳር 11 ማታ እናቴ ግቢዋን ትጠርጋለች። ከአጥሩ ሥር፣ ከአቮካዶው ጥላ፣ ከግራቪሊያው ግርጌ የወደቀውን ቅጠል አንድም ሳታስቀር ትሰበስብና በሩ አጠገብ ትከምረዋለች። በማግስቱ ህዳር ሲታጠን ክምሩ ይለኮሳል። የእኛ ጭስ ከጎረቤት ጭስ ጋር ተገናኝቶ እስከ ረፋድ ድረስ ሰፈሩ ላይ ተኝቶ ይቆያል።

ልማዱ ከባድ ነገር አይቶ የመጣ ነው። በ1911 ዓ.ም. የህዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲያጠቃ፣ ቆሻሻ ማቃጠልና አካባቢን ማጠን ሰዉ ራሱን ለማትረፍ የያዘው ዘዴ ነበር። ያንን መታሰቢያ ለማጣጣል አልተነሳሁም። የምጽፈው ክምሩ ውስጥ ስላለው ነገር ነው። ከአሮጌ ጨርቅና ከፌስታል ጋር አብሮ የሚነደው ቅጠል ቆሻሻ አይደለም። ዛፉ ዓመቱን ሙሉ ከአፈር የወሰደውን ለአፈር ሊመልስ ነበር፤ እኛ መንገድ ላይ ጠብቀን አቃጠልንበት። ሲነድ በውስጡ ያለው ናይትሮጅንና ካርቦን አብዛኛው በጭስ ይሄዳል። አመዱ ፖታሽና ካልሲየም ስለሚተውልን ጨርሶ ከንቱ አይባልም፤ የጠፋው ግን ከቀረው ይበልጣል።

ጊዜውም አይመችም። ህዳር ላይ ክረምቱ ወጥቷል፣ ፀሐይ በርትታለች፣ የበልግ ዝናብ እስኪመጣ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ይቀራል። አፈሩ ልብስ በሚፈልግበት ወር ነው የምንገፈው።

መጀመሪያ ጊዜ «እማዬ፣ ቅጠሉን አታቃጥይው፣ ጎመኑ ሥር እናልብሰው» ስላት መጥረጊያዋን እንደያዘች ዞር ብላ አየችኝ። «ካልተጠረገ ሰው የሚኖርበት ግቢ ይመስላል እንዴ ልጄ?» አለች። ጥያቄዋ ትክክለኛ ነው፤ ይህ ጽሑፍም ለእርሷና እንደ እርሷ ላሉ ሰዎች የተሰጠ መልስ ነው። መንገዱ፣ ልጆች የሚጫወቱበት ቦታና የበሩ ደጃፍ ይጠረግ። ተክል የቆመበት መሬት ግን ይልበስ።

ቡና ሲፈላ ቤት ውስጥ የምንጎዘጉዘውን ቄጤማ አስቡ። የግብርና ባለሙያዎች አፈር ላይ የሚነጠፈውንም በዚያው ቃል ጉዝጓዝ ይሉታል፤ አንዳንዱ ሙልች ሲል ትሰማላችሁ። ሐሳቡ ያው ነው፦ ባዶ መሬት ላይ የሚሸፍነው ነገር መዘርጋት። ቅጠል፣ ገለባ፣ የታጨደ ሣር፣ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ አንዳንድ ቦታም ጠጠር ሊሆን ይችላል። አፈር ውስጥ አይቀበርም፣ ከላይ ይቀመጣል። ይህን «ከላይ» የሚለውን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ራቁት አፈር ላይ ምን እንደሚደርስ

ሐምሌ ላይ ዶፍ ሲወርድ መስኮት ሥር ቆማችሁ መሬቱን ተመልከቱ። ትልልቁ ጠብታ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ8 እስከ 9 ሜትር ይሆናል፤ በሰዓት ሲሰላ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባዶ አፈር ላይ ሲያርፍ የአፈሩን ጓል ይበትነዋል፣ ደቃቁን ወደ ላይ ይረጨዋል። የነጭ ግድግዳችሁ የታችኛው ክፍል በክረምት በቀይ ጭቃ ተነጥቦ የሚያድረው፣ የቆስጣው ቅጠልም በአፈር የሚለወሰው በዚህ ነው። የቲማቲም የታችኛው ቅጠል ቀድሞ ጠቆር ጠቆር ብሎ የሚደርቅበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ አፈር ላይ የከረመው የበሽታ ዘር ከጭቃው ጋር ተረጭቶ ይወጣል።

የተበተነው ደቃቅ አፈር መልሶ ሲቀመጥ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ መሬቱ ላይ እንደ ምጣድ እንጀራ ቀጭን ቅርፊት ይጋገራል። ቀጥሎ የሚመጣው ዝናብ በዚያ ቅርፊት ላይ ተንሸራቶ ወደ ቦዩ ይሄዳል፤ ከአፈሩም ምርጡን ይዞ ነው የሚሄደው። ከዚያ «ይሄን ሁሉ ዘንቦ መሬቱ ሲቆፈር ደረቅ ነው» እንላለን።

በጋ ሲገባ ደግሞ ነገሩ ወደ ላይ ይገለበጣል። የኩራዝ ክር ላምባውን ወደ ነበልባሉ እንደሚስብ፣ አፈርም በቀጫጭን ቀዳዳዎቹ ውሃውን ከሥር ወደ ላይ ይስባል። ላዩ ላይ ፀሐይና ነፋስ ይጠብቁታል፤ የደረሰውን ሁሉ ያተኑታል። ማታ ያጠጣችሁት ውሃ በማግስቱ ከሰዓት የሌለበት ምክንያት ተክሉ ስለጠጣው ብቻ አይደለም። ብዙውን አየሩ ወስዶታል።

ጉዝጓዝ ሁለቱንም ያቆማል። ጠብታው ቅጠል ላይ ያርፍና ጉልበቱ ተሰብሮ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። የፀሐይዋ ግለት ቅጠሉ ላይ ይቀራል፣ ነፋሱም አፈሩን አይደርስበትም። ደቃቅ የአረም ዘር ብዙውን ጊዜ ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ ጨለማው ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ከሥር በኩል ደግሞ የመሬት ትሎች ይመጣሉ፤ ቅጠሉን ወደ ታች እየጎተቱ አፈሩን ሳትቆፍሩት ይቆፍሩላችኋል።

ይህን ከእኔ ሰምታችሁ ከማመን በገዛ ግቢያችሁ ሞክሩት። ወጪ የለውም። በጋ ላይ ፀሐይ የሚመታው ቦታ ፈልጉና ጎን ለጎን ሁለት መደብ ለዩ፤ እያንዳንዱ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ ይሁን። ሁለቱም ላይ አምስት አምስት ሊትር ውሃ አፍስሱ። አንዱን አራት ጣት በሚያህል ደረቅ ቅጠል ሸፍኑት፣ ሌላውን እንዳለ ተዉት። በአራተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ሂዱና መጀመሪያ መዳፋችሁን ባዶው ላይ አስቀምጡ። ይፋጃል። ጣታችሁን ለማስገባት ብትሞክሩ ጥፍራችሁን ይመልሰዋል፤ ብትፍቁት ነጣ ያለ ዱቄት ይሆናል። ከዚያ ወደ ተሸፈነው ዞራችሁ ቅጠሉን በእጃችሁ ገለጥ አድርጉ። አፈሩ ጠቁሯል፣ ቀዝቅዟል፤ ጣት እስከ ሁለተኛው አንጓ ያለ ትግል ይገባል። ሲወጣም አፈር ይዞ ይወጣል፤ ሽታው የመጀመሪያው ዝናብ የወረደ ዕለት የሚሸተው ነው። እናቴን ያሳመናት የእኔ ንግግር ሳይሆን ይህ ነው። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በየቀኑ በጀሪካን ታጠጣው የነበረውን ጎመን አሁን በሳምንት ሁለቴ ብታጠጣው በቃው።

ምን እንጎዝጉዝ?

ከሁሉ የሚሻለው በነፃ የሚገኘው ነው፦ የገዛ ግቢያችሁ ቅጠል። የብሳናና የዋንዛ ቅጠል ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይበሰብሳል፣ አፈርም ይወደዋል። የአቮካዶና የማንጎ ቅጠል ወፍራም ስለሆነ እንደ ክዳን ቆርቆሮ ተደራርቦ ውሃ ሊያንሸራትት ይችላል፤ ጆንያ ውስጥ ከትቶ መርገጥ ወይም በገጀራ ከትከት ማድረግ ይበቃዋል። የኮባ ቅጠልም እንዲሁ ተቆራርጦ ይነጠፍ።

የባሕር ዛፍ ቅጠልን ግን ለብቻው አስቡት። ሽታውን የሰጠው ዘይትና ሌሎች በውስጡ ያሉ ነገሮች የሌላውን ተክል ዘር ብቅለት ያዳክማሉ። የባሕር ዛፍ ደን ውስጥ ወለሉ ባዶ የሚሆነው ዛፉ ውሃውንና ብርሃኑን ስለሚሻማ ብቻ አይደለም፣ የወደቀው ቅጠልም ድርሻ አለው። ርጥቡን ቅጠል ችግኝ ሥር አታድርጉት። ለወራት ተከምሮ ዝናብ ካጠበውና ሽታው ከጠፋ በኋላ ለትልልቅ ዛፎች ሥር ይሆናል። በእሳት በኩልም ይጠንቀቁለት ያሰኛል፤ ደረቁ የባሕር ዛፍ ቅጠል እንዴት እንደሚንቦገቦግ እንጀራ የጋገረ ሁሉ ያውቀዋል።

ጭድና ገለባ ግሩም ጉዝጓዝ ናቸው፤ ችግሩ ከተማ ውስጥ ዋጋቸው ነው፣ ከብትም ይፈልጋቸዋል። ከብት የሚያረባ ጎረቤት ካለ ግን ከግርግሙ ሥር ተረግጦ የተጣለውን ለምኑት፤ ለእርሱ ቆሻሻ ነው፣ ለእናንተ ሽንትና ፍግ የጠጣ ገለባ ነው። ትኩስ ከሆነ ጥቂት ሳምንት ከምሩት፣ ሥር እንዳያቃጥል። ድርቆሽ ከጭድ ይለያል። ድርቆሽ ዘሩን እንደያዘ የታጨደ ሣር ስለሆነ አረም ልከላከል ብላችሁ አረም ትዘራላችሁ።

ቄጤማውስ? ከእንቁጣጣሽ፣ ከገና፣ ከፋሲካ በኋላ ከየቤቱ ተጠርጎ በማዳበሪያ ጆንያ ለቆሻሻ መኪና የሚወጣው ስንት ነው! ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አስጡትና ጽጌረዳው ሥር አንጥፉት። በዓሉን ያከበረ ሣር ከዚያ የተሻለ ማረፊያ የት ያገኛል?

ሰጋቱራ ላይ ቆም እላለሁ፤ እኔ ራሴ የተሳሳትኩበት ስለሆነ። ከዓመታት በፊት ከአንድ እንጨት ቤት ሦስት ጆንያ ሰጋቱራ ተሸክሜ መጥቼ «አፈሩን ያለሰልስልኛል» ብዬ ከጎመኑ መደብ ጋር ቆፍሬ አደባለቅሁት። በሦስተኛው ሳምንት ጎመኑ ቢጫ ሆነ። አጠጣሁት፣ አልተመለሰም። ምን እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው። አፈር ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ካርቦን ይበላሉ፤ ያንን ለመብላት ግን ናይትሮጅንም ያስፈልጋቸዋል። የሚመቻቸው ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ያለው ምግብ ነው። ርጥብ ሣር 20 ገደማ ነው፣ ስለዚህ ቶሎ ይበሉታል። የስንዴ ገለባ 80 አካባቢ ይደርሳል። ሰጋቱራ ግን እንደ እንጨቱ ዓይነት ከ200 እስከ 500 ይሄዳል። ናይትሮጅን የሌለበት ማዕድ ሲቀርብላቸው የጎደለውን ከአፈሩ ይወስዳሉ፤ ጎመኑ ደግሞ ያንኑ ናይትሮጅን ነበር የሚጠብቀው። ናይትሮጅን ያጣ ቅጠል ቢጫ ይሆናል።

«ከላይ» የሚለውን ቃል ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ሰጋቱራው ከላይ ቢቀመጥ ኖሮ ሽሚያው ሰጋቱራውና አፈሩ በሚነካኩበት በዚያች ቀጭን ገጽ ላይ ብቻ ይቀር ነበር፤ የጎመኑ ሥር ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ሰጋቱራና የእንጨት ፍቅፋቂ ይነጠፉ እንጂ አይቀበሩ። በተለይ ለዛፍ፣ ለቁጥቋጦና ለጽጌረዳ ይሆናሉ፤ ከሥራቸው ጥቂት ፍግ ወይም ብስባሽ ቢቀድማቸው ደግሞ እሰየው። ሲዘረጋ ሁለት ጣት ከበለጠ ሰጋቱራ ይጠቀጠቅና አየር ይከለክላል።

ስትወስዱም እንጨት ቤቱን ጠይቁ። ዛሬ ብዙ የቤት ዕቃ የሚሠራው በኤምዲኤፍና በቺፕውድ ነው። የእነርሱ ብናኝ ሙጫ አለበት፤ ከጎመን አጠገብ ሊደርስ አይገባም። መለየቱ አይከብድም። የጽድ ወይም የዋንዛ ሰጋቱራ የእንጨት ሽታ አለው፣ በጣት ሲታሽ ቃጫው ይታወቃል። የኤምዲኤፉ ብናኝ እንደ ዱቄት ይልማል፣ አፍንጫንም ይኮረኩራል።

የቡና አተላ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ጥሩ ነው፣ ግን በስሱ ተበትኖ ከቅጠል ጋር ይቀላቀል። ብቻውን ወፈር ተደርጎ ከፈሰሰ ሲደርቅ ውሃ የማያስገባ ቅርፊት ይሠራል።

አነጣጠፉ

አረሙን ዘር ሳያፈራ ንቀሉት። መሬቱን በደንብ አጠጡት፤ ደረቅ መሬት ላይ ጉዝጓዝ ማልበስ ድርቀቱን መክደን ነው። ከዚያ አልብሱት። ለቅጠልና ለገለባ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፣ አራት ጣት ብላችሁ ያዙት። ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ መደብን 8 ሳንቲ ሜትር ለማልበስ 480 ሊትር ቅጠል ያስፈልጋል። መቶ ኪሎ እህል የሚይዘው ማዳበሪያ ጆንያ አራት ያህሉ ማለት ነው። ቅጠል በሳምንታት ውስጥ ስለሚሰምጥ ስድስት ጆንያ ብታዘጋጁ አትቆጩም።

አዲስ የተዘራ ዘር ላይ አትጎዝጉዙ፤ ለአረሙ ያሰባችሁት ጨለማ ለካሮቱም ይደርሰዋል። ቡቃያው አንድ ስንዝር ሲሆን በመሐል በመሐሉ ታስገባላችሁ።

ሰርዶ የወረረው መሬት ካላችሁ ቅጠል ብቻውን አያቆመውም። ሰርዶና እንግጫ ከዘር ሳይሆን ከመሬት ውስጥ ካለው ሥራቸው ስለሚያቆጠቁጡ ያንን ሁሉ ይበሱታል። መጀመሪያ ካርቶን አንጥፉ፤ ፕላስተሩን ላጡ፣ ጫፍና ጫፉን አንድ ስንዝር አደራርቡ፣ ውሃ አጠጡት፣ ከላይ ጉዝጓዙን ጫኑበት። ካርቶኑ በወራት ውስጥ ይበሰብሳል። ከጠርዝ በኩል ብቅ የሚለውን እየተከታተሉ መንቀል ግን አይቀርም። በካርቶን ፋንታ ላስቲክ የሚያነጥፉ አሉ፤ ላስቲክ ውሃና አየር ይከለክላል፣ ሁለት ዓመት ሳይቆይ ተቦጫጭቆ ግቢውን ሁሉ ይሞላዋል። እባካችሁ ይህን ተዉት።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ስህተት። ብዙ ሰው ዛፉን የሚንከባከብ መስሎት ጉዝጓዙን ግንዱ ላይ እንደ ኮረብታ ይቆልለዋል። የግንድ ቅርፊት ለአየር የተፈጠረ ነው፣ እንደ ሥር ርጥበት አይችልም። ሁልጊዜ ረጥቦ ከዋለ ይበሰብሳል፤ አይጥም እዚያ ሞቆት ተቀምጦ ቅርፊቱን ይልጣል። ከግንዱ ዙሪያ አንድ መዳፍ፣ ማለት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ባዶ ይሁን። ከላይ ሲታይ ጉዝጓዙ እንደ ማቶት መሐሉ ክፍት ሆኖ ክብ ይሥራ። ወደ ውጭ ደግሞ የዛፉ ጥላ እስከሚደርስበት ቢሰፋ ይበልጥ ይጠቅመዋል፤ ውሃ የሚስቡት ደቃቅ ሥሮች ያሉት ከግንዱ ርቀው ነው።

ከቤቱም ይራቅ። በተለይ የጭቃ ቤት ከሆነ ግድግዳው ሥር ርጥብ ቅጠል መከመር ምስጥን በእጅ ይዞ ማስገባት ነው፤ በወለጋ በኩል ምስጥ ምን እንደሚያደርግ ያየ ይህን አይስተውም። ከግድግዳ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ለጠጠር ተዉለት። እንዲሁም ከሰል ምድጃ የሚቀመጥበትና ማዕድ ቤቱ አጠገብ ደረቅ ነገር አይነጠፍ።

ክረምት ላይ ቀንድ አውጣ ጉዝጓዝ ሥር መደበቁ አይቀርም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰላጣና ጎመን ሥር ሳሳ አድርጉት፤ ማታ በባትሪ እየዞሩ መልቀም ከመድኃኒት ይሻላል። እባብን ለሚፈራ ሰው መልሴ፣ ጉዝጓዝ አራት ጣት ነው፤ እባብ የሚወደው ቁልል እንጨት፣ ድንጋይና ረጅም ሣር ነው። እነርሱ ከቤት ይራቁ።

አፈራችሁም ይጠየቃል። እንደ እንጦጦ ግርጌ ያለ ቀይ አፈር ውሃ ስለሚያሳልፍ ዓመቱን ሙሉ ቢለብስ ይወደዋል። የአቃቂ ቃሊቲ ዓይነት ጥቁር መረሬ ግን ክረምት ላይ ያብጥና ውሃ ያቁራል፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሠራል። ለመረሬ ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ጉዝጓዙን አንሱለት ወይም አሳሱለት፤ ተክሉንም ከፍ ባለ መደብ ላይ ትከሉ። መስከረም አጋማሽ ላይ ውሃው ሸሽቶ አፈሩ ገና ርጥብ ሳለ በደንብ አልብሱት። ስንጥቁ ይቀንሳል፤ ሥርም በስንጥቅ መሐል አይበጠስም።

ውርጭ ባለበት አገር፣ እንደ ደብረ ብርሃን ባለው፣ አንድ ነገር ልጨምር። ጉዝጓዝ ሥሩን ከብርድ ይጠብቃል፤ ግን አፈሩ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ወደ አየሩ እንዳይለቅም ይከለክላል፣ ስለዚህ ቅጠሉ ከባዶ መሬት ይልቅ ሊበርደው ይችላል። ውርጭ ይጥላል የሚባል ሌሊት ከሆነ ለስላሳው ተክል ራሱ ላይ ገለባ ወይም ጨርቅ ጣል አድርጉበትና ጠዋት አንሱለት።

ጠጠር፣ ድንጋይና ሊሾ

ከክዳኑ ጠርዝ ሥር፣ ጠብታው በሚወርድበት መስመር፣ ጠጠር የሚያክለው የለም። ግማሽ ሜትር ስፋት ያለው የጠጠር መስመር ጠብታውን ሰብሮ ወደ መሬት ያሰርገዋል፣ ግድግዳውም ከጭቃ ርጭት ይድናል፣ ምስጥም የሚበላው አያገኝም። ጠጠር ግን አፈርን አይመግብም፣ በፀሐይም ይግላል። ጎመን ሥር ቦታ የለውም።

ከጠጠር ሁሉ ቀዩን አሽ እወደዋለሁ። በቢሾፍቱና በሞጆ ዙሪያ ከሚገኙት የእሳተ ገሞራ ኮረብቶች የሚወጣ፣ ለመንገድ ሙሌት የምናውቀው ቀላል ድንጋይ ነው። ውስጡ ወንፊት ነው፤ እንደ ድንጋይ ጠጠር ውሃ ብቻ አያሳልፍም፣ ጥቂት ይይዛልም። ይህ ነገር ምን ሊያደርግ እንደሚችል ማየት የሚፈልግ ላንሳሮቴን ያስብ። ከሰሜን ምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ማዶ ያለች የስፔን ደሴት ናት፤ በዓመት የሚዘንብላት 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1730 እስከ 1736 እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ለም መሬቷን በጥቁር ጠጠር ቀበረው። ገበሬዎቹ ግን ጠጠሩ የተኛበት አፈር ርጥበቱን እንደማይለቅ አስተዋሉ። ጠጠሩን እስከ አፈሩ ድረስ በጉድጓድ ቆፍረው የወይን ተክል ተከሉ፣ ጠጠሩን መልሰው አለበሱት፣ በነፋሱ በኩል ግማሽ ክብ የድንጋይ ካብ ካቡለት። ላ ሄሪያ በሚባለው ቦታ ዛሬም ወይን የሚመረተው እንዲህ ነው። ያ ጠጠር ጉዝጓዝ ነው፤ የእኛው ቀይ አሽም የእርሱ ዘመድ ነው። ለእሬት፣ ለቁልቋልና ድርቅ ለሚችሉ አበቦች በድፍረት ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

ወደ ሊሾ ልምጣ፤ ይህን ስጽፍ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። እንግዲህ መቶ ካሬ ሜትር ክፍት ግቢ ያለው ሰው በዓመት ከ100,000 ሊትር በላይ ከሰማይ ይሰጠዋል፤ የ1,000 ሊትር ሮቶ መቶ ጊዜ ሲሞላ ማለት ነው። ያ ግቢ ከጥግ እስከ ጥግ ሊሾ ከሆነ፣ አንድ ብርቱ ዝናብ 40 ሚሊ ሜትር ሲያወርድ 4,000 ሊትሩ በደቂቃዎች ውስጥ በበሩ ሥር ወጥቶ ታች ሰፈር ወዳለው ሰው ቤት ይሄዳል። በዚያው ሳምንት ባለ ግቢው ውሃ በፈረቃ እየጠበቀ በጀሪካን ይገዛል። መኪና የሚቆምበትና እግር የሚበዛበት ቦታ ጠንካራ ነገር ይፈልጋል፣ አይካድም። ለእርሱም ቢሆን አሸዋ ላይ የተነጠፈ ኮብልስቶን፣ መገጣጠሚያው በሲሚንቶ ካልተደፈነ፣ የተወሰነውን ውሃ ያሰርጋል። የቀረው ይልበስ።

ግቢያችሁ ተዳፋት ከሆነ በኮንክሪት ከመገደብ በፊት የድንጋይ ካብ አስቡ። ያለ ሲሚንቶ የተካበ ድንጋይ አፈሩን ይይዛል፣ ውሃውን በየቀዳዳው ያሳልፋል፤ ከጀርባው ውሃ ተጠራቅሞ አይገፋውም። ኮንሶዎች በዚህ ጥበብ ተራራቸውን ሁሉ እርከን አልብሰው ከ400 ዓመት በላይ አርሰውበታል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ጌዴኦም ሌላ ምስክር ነው። እዚያ እንሰቱ፣ ቡናውና ትልልቁ ዛፍ በአንድ ተዳፋት ላይ ተደራርበው ይቆማሉ፤ ከላይ የሚወርደው ቅጠል ከሥር ያለውን አፈር ሳይቋረጥ ያለብሰዋል። ያን የመሰለ ቁልቁለት ያን የመሰለ ዝናብ ወርዶበት አፈሩ የቆየው በዚያ ሽፋን ነው። ይህም እ.ኤ.አ. በ2023 ተመዝግቧል።

ለእኛ ትንሽ ግቢም የጌዴኦ ሐሳብ ይደርሳል። ዱባ ወይም ስኳር ድንች በቆሎ ሥር ብትተክሉ ሰፊ ቅጠላቸው ራሱ ሕያው ጉዝጓዝ ይሆናል፤ የሚበላም ይሰጣል።

ጉዝጓዙ እየሳሳ ሲሄድ «ጠፋብኝ» አትበሉ፤ አፈር እየሆነ ነው። እኛ ግቢ መስከረም መጨረሻ የለበሰው መደብ ጥር ላይ ግማሹ አይቀርም። የዚያን ጊዜ እናቴ አጥሩ ጥግ በሽቦ ከከለለችው የቅጠል ክምር በዘንቢል እያመጣች ትጨምርበታለች። ያ ክምር ድሮ በሩ አጠገብ ሆኖ ህዳር 12ን ይጠብቅ የነበረው ነው። አሁን በዕለቱ የምታጥነው ወረቀትና ጥቂት ጭራሮ ነው። ቅጠሉን ልትጨምር ስትሄድ መጀመሪያ አሮጌውን ገለጥ አድርጋ ጣቷን ታስገባለች፤ ርጥብ ከሆነ መልሳ ትከድነዋለች፣ ጀሪካኑንም ለነገ ታሳድረዋለች።